ባሕር ውስጥ ሳህን አንጠልጥላችሁ ማን እንደሚሰፍርበት እዩ

የጀልባ ሆድ ላይ የተለጠፉ ሹል ነጫጭ ቅርፊቶች አይታችሁ ይሆናል። ባርናክል የሚባሉ የባሕር እንስሳት ናቸው። ማዕበል ያላተማቸው ይመስላል እንጂ ቦታቸውን መርጠው ነው የሚሰፍሩት። እንደ አሜሪካዋ ከተማ ሲያትል ባሕር የሚቀርባችሁ ከሆነ ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ።

14 በ14 ሴንቲሜትር የሆነ የፒቪሲ (ጠንካራ) ፕላስቲክ፣ ገመድና አንድ ጡብ ይበቃል፤ ሳህናችን ፕላስቲኩ ነው። የፕላስቲኩን አንድ ፊት በሳንድፔፐር ሸካራ አድርጉትና ያ ፊት ወደ ታች እንዲያይ ከጡቡ ሥር እሰሩት። ወደ ላይ ካየ ደለል ይተኛበታል፣ አልጌም ይወርሰዋል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከተንሳፋፊ የጀልባ መድረክ 1 ሜትር ያህል ወደ ውሃው አውርዱት። ቋሚ ምሰሶ ላይ እንዳታስሩት፤ ባሕሩ ሲሸሽ አየር ላይ ይቀራል። ሲያትል ላይ ጥሩው ጊዜ ብርዱ ለቀቅ ሲል፣ ማርች መጨረሻ ገደማ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ አውጥታችሁ በጣት ዳብሱት። ያሙለጨልጫል፤ ውሃው ሳይቀየር እንደከረመ የአበባ ማስቀመጫ። ፕላስቲኩ ውሃ በነካ በደቂቃዎች ውስጥ የፕሮቲንና የስኳር ስስ ሽፋን ይለብሳል። በሰዓታት ባክቴሪያ ይከተላል፣ ቀጥሎ ዳያተም የሚባሉት ደቃቅ አልጌዎች።

አሁን የባርናክሏ እጭ ትመጣለች። ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። በዚህ ዕድሜዋ ምግብ አትበላም፣ ያጠራቀመችው ስብ ሳያልቅ ቤት ማግኘት አለባት፤ ስለዚህ በሁለት ተለጣፊ አንቴናዎቿ ሳህኑ ላይ እየተራመደች የባክቴሪያውን ሽፋን፣ ሸካራነቱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወገኖቿ አጠገብ መኖራቸውን ትፈትሻለች፣ ምክንያቱም አንዴ ከተጣበቀች ወዲያ መንቀሳቀስ ስለማትችል የምትራባው ከጎረቤት ጋር ነው። ካልጣማት ዋኝታ ትሄዳለች። ከጣማት በጭንቅላቷ ተዘቅዝቃ ሙጫዋን ታፈስና ዕድሜ ልኳን እዚያው ትቀራለች፣ ምግቧንም በእግሮቿ እየቀዘፈች ታጠምዳለች። እኔን ይህ ሁሌም ይገርመኛል!

በየሳምንቱ ሳህኑን የባሕር ውሃ በሞላው ነጭ ሳፋ ውስጥ፣ ጥላ ሥር አስቀምጡና በማጉያ መነጽር እዩ። አትቸኩሉ። ሳፋው ሲረጋጋ ቅርፊቶቹ ይከፈቱና እንደ ላባ የሳሱ እግሮች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። በ3 ወር ውስጥ ጥቃቅን ጥቁር ዛጎሎችና ሲነኩ ውሃ የሚተፉ ለስላሳ ከረጢቶችም ሊጨመሩ ይችላሉ።

ስትጨርሱ ሳህኑን ሌላ ባሕር እንዳትከቱት፤ ለአካባቢው ባዕድ የሆነ ዝርያ አብሮ ሊጓዝ ይችላል። በደንብ አድርቃችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።