መንታ ወይስ የአጋጣሚ ጎረቤት? ኮከብ ልየታ ከፒያሳ በረንዳ

ፒያሳ፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ነው የምቆመው። የኮሪደር ልማቱ የመንገድ መብራት ከመጣ ወዲህ ሰማዩ ፈዟል። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት ሰው ሁሉ ይነጫነጫል። እኔ ባይኖኩላሬን ይዤ ሮጬ እወጣለሁ።

ከዚሁ በረንዳ ሁለት መብራቶች ተጣብቀው ይታዩኛል። አንዱ የንግድ ባንክ ፎቅ ላይ ነው፤ ሌላው ወዲያ ማዶ ፉሪ ተራራ ላይ። ኮከቦችም እንዲህ ይሸውዳሉ፤ ተጣብቀው የታዩ ሁሉ እርስ በርስ የሚዞሩ መንታ አይደሉም።

በጥቅምት ምሽት ወደ ደቡብ ቀና በሉና አልጌዲን ፈልጉ። ኮከብ ቆጣሪዎቻችን ጀዲ በሚሉት ምድብ ውስጥ ነው። በባዶ ዓይን እንኳ ሁለት ሆኖ ይታያል። አንዱ ግን 100 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ ሌላው ብዙ መቶ። ምንም አይገናኙም።

ይህን የሚለየው ፓራላክስ ነው። አውራ ጣታችሁን ዘርግታችሁ ዓይናችሁን በየተራ ጨፍኑ። ጣቱ የዘለለ ይመስላል፤ ሲቀርብ ደግሞ ዝላዩ ይጨምራል። ምድር ፀሐይን ስትዞር ቅርብ ኮከብም እንዲሁ ይዘላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው የአውሮፓ መንኮራኩር ጋያ ይህን ለክታለች። ቁጥሩን ሲምባድ በሚባለው ነፃ መዝገብ ላይ በስልክ ታገኙታላችሁ፣ በሚሊ አርክሰከንድ ተጽፎ (አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው፤ ሚሊው ደግሞ የዚያ ሺህኛ)። 3262ን ለእሱ አካፍሉ፤ የሚወጣው ርቀቱ ነው፣ በብርሃን ዓመት።

61 ሲግኒ የሚባሉትን ጥንድ ኮከቦች ሞክሩ። ሁለቱም 286 ገደማ ናቸው፤ ሲካፈል 11.4 የብርሃን ዓመት። እውነተኛ መንታ!

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። የአንዱ ፓራላክስ 2.0፣ የሌላው 2.1 ቢሆንና የእያንዳንዱ ስህተት 0.1 ቢሆን፣ «እኩል ናቸው» ማለት ያምራል። ግን አስሉት፤ 1631 እና 1553 ይወጣል። በመካከላቸው ወደ 80 የብርሃን ዓመት ሊኖር ይችላል። መንታ ኮከቦች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ የብርሃን ዓመት በታች ነው የሚራራቁት። ስለዚህ ርቀት የማይሆኑትን ይጥልላችኋል እንጂ ብቻውን አያጋባም።

ቀጥሎ ጉዟቸውን እዩ። ሁለቱ የ61 ሲግኒ ኮከቦች በዓመት ከ5 አርክሰከንድ በላይ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነጉዳሉ። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ የሚሄድ ከሆነ ግን ተዉት።

በጋያ መዝገብ ውስጥ ሩዌ የሚባል ቁጥርም አለ። ከ1.4 ከበለጠ ልኬቱ አያስተማምንም። እኔ እንደዚህ ያሉትን ደብተሬ ላይ በእርሳስ ነው የምጽፋቸው።