ቦይለሩ ሲያኮርፍ፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ ወጪው

ደሴ ላይ በታኅሣሥና በጥር ቦይለር ሲበላሽ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ማለዳ ያውቀዋል። ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠች ከተማ ሲነጋጋ ቀዝቃዛ ሻወር መግባት ጀግንነት እንጂ ንጽሕና አይባልም። ስለዚህ ሰው ይቸኩላል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ባለሙያ ይጠራል፣ ግዛ የተባለውን ሁሉ ይገዛል። ኪስ የሚጎዳው በዚህች ሰዓት ነው።

የብር አሃዝ እዚህ አልጠራም፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ እስከሚቀጥለው ወር አይዘልቅምና። የዕቃዎቹ የዋጋ ደረጃ ግን እምብዛም አይለዋወጥም። ከታች ጉሚኒው (በሬዚስታንሱ መግጠሚያ ውሃ እንዳያፈስ የሚገባው ጎማ) አለ፤ ከእሱ በላይ ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቩ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታቱና ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዥየም ዘንጉ፣ ቀጥሎ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንሱ፣ ከሁሉም በላይ ታንኩ። ታንኩ ሞተ ማለት አዲስ ቦይለር ተገዛ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ታንኩን የሚገድለው ከርካሾቹ አንዱ ተረስቶ መቅረቱ ነው።

ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ብሬከሩን አውርዱ። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም። በብዙ ቤት ማብሪያው አንዱን ሽቦ ብቻ ይቆርጣል፤ ያ ሽቦ በስህተት ኒውትራሉ (ኃይል የሚመለስበት ሽቦ) ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም ሬዚስታንሱ ላይ ኃይል አለ። ብሬከሩ ከወረደ በኋላም በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሳታረጋግጡ እጃችሁን አትስደዱ።

ጨርሶ አይሞቅም

ብሬከሩ ካልወደቀ፣ የገመዱ ጫፍ ካልላላና ካልተቃጠለ፣ ቀጥሎ የሚታየው ቴርሞስታቱ ነው። አብዛኞቹ ቴርሞስታቶች ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኃይል የሚቆርጥ መከላከያና እሱን የሚመልስ ትንሽ ቁልፍ አላቸው። ቁልፉ ወጥቶ ከተገኘ ኃይሉ እንደተቋረጠ ተጭናችሁ መልሱት። በሳምንቱ እንደገና ከወጣ ግን እየጫኑ መኖር አያዋጣም፤ ወይ ቴርሞስታቱ ደክሟል ወይ ሬዚስታንሱ በዝቃጭ ተሸፍኗል።

ሬዚስታንሱን መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሽቦዎቹ ይነቀሉና ቴስተሩ በኦም ላይ ይደረጋል። በ220 ቮልት 1,500 ዋት የሆነ ሬዚስታንስ 32 ኦም ገደማ፣ 2,000 ዋት የሆነ ደግሞ 24 ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላነበበ ተቆርጧል። ሳይለካ «ለማንኛውም ሁለቱንም እንቀይራቸው» የሚል ባለሙያ የሚያስከፍላችሁ ያለማወቁን ዋጋ ነው።

ተቃጥሎ ከሆነ ለምን ተቃጠለ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መልሱ ብዙውን ጊዜ ታንኩ ባዶውን መብራቱ ነው። ውሃ ሲጠፋ በታንኩ ውስጥ ያለው ወደ መስመሩ እንዳይመለስ የሚይዘው ከሴፍቲ ቫልቩ ጋር አብሮ የተሠራው መላሽ ከልካይ ነው። እሱ በአሸዋ ወይም በዝገት ክፍቱን ከቀረ፣ አንዱ የቤት ሰው ውሃ መጥቶ እንደሆነ ለማየት ሙቁን ቧንቧ ሲከፍት አየር ይገባል፤ የታንኩ ውሃም ድምፅ ሳያሰማ ቁልቁል ይሄዳል። ደሴን የመሰለ ቁልቁለታማ ከተማ ለዚህ ይመቻል። ማታ ቦይለሩ ሲበራ ሬዚስታንሱ ያለ ውሃ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሬዚስታንሱን ለውጣችሁ ቫልቩን ከተዋችሁት ሁለተኛውንም ለመግዛት ተዘጋጁ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስም ሙቁን ቧንቧ ክፈቱ፤ አየር ማስነጠሱን ትቶ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ብቻ አብሩ።

ይሞቃል፣ ግን ይዘገያል

መጀመሪያ የሚጠበቀውን እወቁ። 50 ሊትር ውሃን ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 1,500 ዋት ሬዚስታንስ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ይፈጃል። ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኘው ኮምቦልቻ ላይ ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃ ሞቅ ያለ ስለሆነ ያው ቦይለር ቀደም ብሎ ይደርሳል። «የእህቴ ቤት ኮምቦልቻ ቶሎ ይሞቃል» ብሎ ጠጋኝ መጥራት ገንዘብ መጣል ነው።

ልዩነቱ ከዚያ ከበዛ ኃይሉን ጠርጥሩ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ 220 መሆን የነበረበት ወደ 180 ቮልት ከወረደ የቦይለሩ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል፤ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ የነበረው ከሁለት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ለዚህ የሚለወጥ ዕቃ የለም። ሌሊት ወይም ቀትር ላይ ማሞቅ ነው።

ሲሞቅ የሚንጫጫና የሚንኳኳ ከሆነ ዝቃጭ አለው። ማንቆርቆሪያችሁ ሥር ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ቦይለሩም ውስጥ ያንኑ ይሠራል። ታንኩ ባዶ ተደርጎ፣ ሬዚስታንሱ ወጥቶ በሆምጣጤ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በቢላ መፋቅ ግን ሽፋኑን ይበሳዋል። ወጪው ጉልበትና አንድ ጉሚኒ ነው። ጉሚኒውን አዲስ አድርጉት፤ አሮጌው ሲመለስ ማንጠባጠቡ አይቀርም።

ለብ ብሎ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ቦይለሩን ሳይነኩ የሚደረግ ሙከራ አለ። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ መስመር ዝጉና ሙቁን ቧንቧ ክፈቱ። ውሃው ካላቋረጠ አንዱ የሻወር ሚክሰር ቀዝቃዛውን ወደ ሙቁ መስመር እያሻገረ ነው። ጥፋቱ የሚክሰሩ ነው።

ይነዝራል

ቧንቧውን ወይም ውሃውን ስትነኩ ትንሽም ቢሆን ከነዘራችሁ ብሬከሩን አውርዱና ማንም ሻወር አይግባ። «ትንሽ ነው፣ ለምደነዋል» የሚባለው ቀልድ አይደለም፤ ሰው የሞተበት ነገር ነው። እርጥብ ገላ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር አብሮ መገኘቱ ነው፦ የሬዚስታንሱ ሽፋን ተሰንጥቆ ኃይል ወደ ውሃው ያመልጣል፣ የሚያመልጠውን የሚወስድ የመሬት ሽቦ ደግሞ የለም። ሬዚስታንሱን ብቻ መለወጥ ንዝረቱን ያቆማል፤ አደጋውን ግን እስከሚቀጥለው ስንጥቅ ያቆየዋል። የመሬት ሽቦ በወጉ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ይምጣ። ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር ንዝረቱን ወደ ጎረቤት መላክ ነው፤ ከኒውትራል ጋር ማገናኘት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ከዚህ በላይ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከር ማስገባት ነው። በዚህ ርዕስ ላይ ቆጥቡ የምልበት ቦታ ቢኖር ይህ አይደለም።

ያንጠባጥባል

ከየት? ሁሉም ነገር በዚህ ይወሰናል። በማሞቅ ጊዜ ብቻ ከሴፍቲ ቫልቩ ከሆነ ጤና ነው፤ 50 ሊትር ውሃ ሲሞቅ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ይጨምራልና መውጫ ይፈልጋል። ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ፍሳሽ ውሰዱት። የቫልቩን አፍ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ የሚደፍን ሰው ታንኩን ወደ ቦምብ እየለወጠው ነው።

ቦይለሩ ጠፍቶም ቀንና ሌሊት የሚንጠባጠብ ከሆነ ወይ ቫልቩ ቆሽሿል፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ከማጠራቀሚያው በየ10 ሜትሩ ዝቅ ሲባል አንድ ባር ያህል ግፊት ይጨመራል፤ ገደሉ ሥር ያለ ቤትና ዳገቱ ላይ ያለ ቤት አንድ ዓይነት ውሃ አያገኙም። ታች ላሉት የግፊት መቀነሻ ያስፈልጋል፤ ቫልቭ ደጋግሞ ከመግዛት ይረክሳል።

ከሬዚስታንሱ መግጠሚያ ዙሪያ ከሆነ ጉሚኒ ነው። ከታንኩ አካል ከሆነ ግን አበቃ። በብየዳ እናድነዋለን የሚላችሁን አትስሙ፤ እሳቱ የውስጥ ሽፋኑን ያቃጥለዋል፣ ዝገቱም ከጎኑ ይቀጥላል።

ይህን ሞት የሚያዘገየው የማግኒዥየም ዘንጉ ነው። ከታንኩ ብረት ቀድሞ እንዲበላ የተቀመጠ ስለሆነ ሲያልቅ ተራው የታንኩ ይሆናል። ዝቃጩ በሚታጠብበት ጊዜ እሱም ይታይ፤ ቀጥኖ ሽቦ ከመሰለ ይለወጥ።

ክፍያው ላይ

የምርመራውን ዋጋና የጥገናውን ዋጋ ለይታችሁ ተስማሙ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፤ ገበያ ስትወርዱም ይዛችሁት ሂዱ፣ የሬዚስታንስ መግጠሚያ ከቦይለር ቦይለር ይለያያልና። ደሴ ካጣችሁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እስኪመጣ «ለጊዜው ይህ ይሠራል» ተብሎ ጉልበቱ የበለጠ ሬዚስታንስ ቢሰጣችሁ፣ ሽቦውና ብሬከሩ መቻላቸው ሳይታይ አይገጠም።

ታንኩ አፍስሶ አዲስ ለመግዛት ከወሰናችሁ አሮጌውን ለቆራሊዮ ከመስጠታችሁ በፊት የሚሠራውን ቴርሞስታትና ሬዚስታንስ አስወልቃችሁ አስቀምጡ፤ አዲሱ ያው ሞዴል ከሆነ መለዋወጫ ይሆናሉ። ሴፍቲ ቫልቩ ግን አይሸጋገር፤ ከአዲሱ ታንክ ጋር አዲስ ይገጠም።