የጃፓን ሰይፍን በፍቅር ማበላሸት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጃፓን አንጥረኛ እጅ በወጉ የተቀጠቀጠ ሰይፍ ሰባት መቶ ዓመት ተሻግሮም ስለቱ ሳይደበዝዝ ሊገኝ ይችላል። ያን ሁሉ ዘመን የተረፈውን ዕቃ የሽቦ ብሩሽ የያዘ ደግ ሰው በአንድ ከሰዓት ያበላሸዋል። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን የሚሠሩት ሰይፉን የሚወዱና “ላጽዳው” ብለው የሚነሡ ሰዎች ናቸው።

በእጀታው ውስጥ ያለውን ዝገት መፋቅ

እጀታውን ከስለቱ ጋር የምታያይዘው ብዙውን ጊዜ አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት። ችንካሯ ተገፍታ ስትወጣ እጀታው ይወልቃል፤ ተሸፍኖ የኖረው የብረቱ ጭራም ብቅ ይላል። ጃፓኖች ናካጎ ይሉታል። ቡናማ፣ አንዳንዴም ወደ ጥቁር ያደላ ዝገት ለብሷል። አዲስ ባለቤት ይህን ሲያይ ይደነግጥና የብርጭቆ ወረቀት ፍለጋ ይሄዳል።

እጅዎን ይሰብስቡ! ስለቱ በየዘመኑ ሲሳል ይኖራል፤ ናካጎ ግን አንጥረኛው ከጨረሰው ቀን ጀምሮ እንዲሁ ይተዋል። አንጥረኛው ሞረዱን በየትኛው አቅጣጫ እንደ ሳበው፣ የጭራውን ጫፍ እንዴት እንደ ቀረጸው፣ ስሙን በመሮ እንዴት እንደ መታው የሚነበበው እዚያ ነው። ዝገቱ ራሱ፣ በቀለሙም በውፍረቱም፣ ዕድሜ ይናገራል። የጭራው ገጽ በአሮጌ ዝገት ተሸፍኖ ሳለ የፊደሎቹ ውስጥ ገና ትኩስ ከሆነ መርማሪው ስሙ በኋላ የተጨመረ መሆኑን ይጠረጥራል። ዝገቱን የፋቀ ሰው ይህን ሁሉ ማስረጃ አጥፍቷል፤ ዋጋውም አብሮ ይወድቃል። የጠፋውን የዘመናት ዝገት በእውነት መልሶ የሚያለብስ ባለሙያ ደግሞ የለም።

የተመታውን ስም አይቶ ማመን

ታዋቂ ስም ገንዘብ ስለሚያስገኝ ከጥንት ጀምሮ በሐሰት ይመታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) የሠራው አንጥረኛ ኮቴትሱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሰብሳቢዎች ስሙን ሲያዩ ከመደሰታቸው በፊት ይጠረጥራሉ። ከሁሉ የገነነው ማሳሙኔ በበኩሉ በሥራዎቹ ላይ ስሙን የመታው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ረጃጅም የጥንት ሰይፎች በኋለኛው ዘመን ከጭራቸው በኩል ተቆርጠው አጥረዋል፤ ስሙም አብሮ ተቆርጧል። ስም የሌለው ሰይፍ ከባለ ስሙ የላቀበት ጊዜ ብዙ ነው። አዋቂዎች መጀመሪያ የሰይፉን ቅርጽ፣ ቀጥሎ የብረቱን ገጽና የስለቱን መስመር ያያሉ፤ ስሙን የሚያነቡት በመጨረሻ፣ ከቀሩት ጋር ይስማማ እንደሆነ ለማመሳከር ነው። ጥርጣሬ ካለ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ሰይፎች ጥበቃ ማኅበር መርምሮ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

እጥፋት መቁጠር

“ሺህ ጊዜ የታጠፈ ብረት” የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ቁጥሩ በበዛ መጠን ሰይፉ የተሻለ ይመስለዋል። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ጊዜ የታጠፈ ብረት ሁለት ንብርብር ይሆናል፤ ዐሥር ጊዜ ሲታጠፍ 1,024፣ ዐሥራ አምስት ጊዜ ሲታጠፍ 32,768 ይደርሳል። አንጥረኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆሙት በእነዚህ መካከል ነው።

ማጠፍ ያስፈለገው በጥሬ ዕቃው ጠባይ ምክንያት ነው። ታማሃጋኔ የሚባለው ባህላዊ አረብ ብረት ታታራ በተባለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ከብረት አሸዋና ከከሰል ይወጣል። በሺማኔ ግዛት፣ በኦኩኢዙሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ዳግም ሥራ የጀመረው ምድጃ በብርዱ ወራት ለሦስት ቀንና ለሦስት ሌሊት ይነድዳል። ዐሥር ቶን ገደማ የብረት አሸዋ ገብቶ የሚወጣው ሁለት ቶን ተኩል ያህል የሚመዝን ጓል ነው። የጓሉ አንዱ ወገን ብዙ ካርቦን ሲይዝ ሌላው ጥቂት ይይዛል፤ መሐል መሐሉን ዝቃጭ አለበት። እያጠፉ መቀጥቀጥ ካርቦኑን ያመጣጥናል፣ ዝቃጩንም እያፈናጠረ ያስወጣል። ይሁንና በየእጥፋቱ ብረቱን የሚያጠነክረው ካርቦን ይቃጠላል፤ ያለ ልክ የታጠፈ ብረት ስለት አይይዝም። በእውነት ሺህ ጊዜ የታጠፈ ሰይፍ ቢኖር ሽንኩርት ለመክተፍም ያስቸግር ነበር።

በነጩ መስመር መታለል

በስለቱ ዳር የሚሄደው ነጭ መስመር ሃሞን ይባላል። አንጥረኛው ሰይፉን በሸክላ አፈር፣ በከሰል ዱቄትና በድንጋይ ዱቄት ድብልቅ ይቀባዋል፤ ጀርባው ላይ ወፈር፣ ስለቱ ላይ ሳሳ አድርጎ። ከዚያ አግሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ስሱ በኩል በቅጽበት ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ ጀርባው ዘግይቶ ስለሚቀዘቅዝ ሳይሰባበር ምት የሚችል ሆኖ ይቀራል። የጠነከረው ብረት መጠኑ ስለሚሰፋ ሰይፉን ወደ ጀርባው ያጎብጠዋል፤ የሚደነቅለት ጉብጠት በከፊል የተወለደው ውሃው ውስጥ ነው። የወራት ድካም ተሰንጥቆ የሚቀረውም በዚያችው ቅጽበት ነው።

በርካሽ ቅጂዎች ላይ ይህ መስመር በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ ይሣላል። ለመለየት ክፍሉን አጨልመው አንድ አምፖል ብቻ ያብሩና ሰይፉን ወደ ብርሃኑ አቅንተው ቀስ በቀስ ያዘንብሉት። እውነተኛው ሃሞን ባንዱ ማዕዘን ይደበቃል፣ በሌላው ይበራል፤ ድንበሩ ላይም ኒኤ የሚባሉት ጥቃቅን ብልጭታዎች ወይም ኒዮይ የሚባለው ጉም መሰል ነገር ይታያል። የተሣለው ግን እንደ ተኳለ ዓይን ከየትም ቢያዩት ያው ነው። አንድ መጠንቀቂያ፦ በእውነተኛ ሰይፍም ላይ የሚስለው ባለሙያ ስለቱን በቀጭን ድንጋይ ስለሚያነጣው ከሩቅ የሚታየው ንጣት የሃሞኑን ትክክለኛ ቅርጽ አይከተል ይሆናል።

በቤት ውስጥ መሳል

ይህን ባጭሩ ልበለው፦ አይሳሉት። ባለሙያው በተለያዩ የተፈጥሮ ድንጋዮች እየተፈራረቀ ለሳምንታት ይሠራል፤ በመጨረሻ በአውራ ጣቱ ሥር የሚያንሸራትታቸው ድንጋዮች እንደ ወረቀት የሳሱ ናቸው። በብዙ ሰይፎች ጠንካራው ብረት ለስላሳውን የውስጥ ብረት ሸፍኖ ስለተሠራ ያለ ልክ የተሳለ ሰይፍ ውስጡ ይገለጣል። የእርስዎ ድርሻ ስለቱን በባዶ ጣት አለመንካት፣ አሮጌውን ዘይት በለስላሳ ወረቀት መጥረግና አዲስ ዘይት በስሱ መቀባት ብቻ ነው። ጃፓኖች ለዚህ የቅርንፉድ ሽታ ያለው ዘይት ይጠቀማሉ።

ጌጦቹን ማብረቅረቅ

እጅን ከስለት የሚጋርደው ትሱባና የእጀታው ጌጦች ብዙ ጊዜ ከሻኩዶ ይሠራሉ። ሻኩዶ ጥቂት ወርቅ የተጨመረበት መዳብ ነው፤ በልዩ ውህድ ሲቀቀል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥልቅ ጥቁረት ያወጣል። የብረት ማብረቅረቂያ የቀባው ሰው ያንን ጥቁረት አንሥቶ ተራ መዳብ ያገኛል። የብረት ትሱባም ቢሆን ውበቱ በቆየው ቆዳው ላይ ነው።

ጌጡና ስለቱ የተለያየ ዘመን ሥራ ሆነው ቢገኙ ሐሰት ነው ብለው አይቸኩሉ። አንድ ሰይፍ በዕድሜው ብዙ ጊዜ ልብስ ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ1876 ሰይፍ ታጥቆ በአደባባይ መሄድ ሲከለከል ብዙ ጌጦች ከሰይፋቸው ተለይተው ወደ አውሮፓና አሜሪካ ተሸጡ።

ባማረው ሰገባ ውስጥ ማኖር

ላክ በሚባል አንጸባራቂ ቅብ የተቀባው ሰገባ ለመታጠቅ እንጂ ለማኖር አልተሠራም። ለማኖሪያ ጌጥ የሌለው የማግኖሊያ እንጨት ሰገባ አለ፤ በሩዝ ሙጫ ስለሚያያዝ ሲያስፈልግ ተከፍቶ ይጸዳል።

ወረቀቱን መዘንጋት

በጃፓን ውስጥ እያንዳንዱ ሰይፍ በግዛቱ የትምህርት ቦርድ የተሰጠ የምዝገባ ወረቀት ይዞ መገኘት አለበት። ከአገር ሲወጣ ከባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ ፈቃድ ይወጣለታል፤ የምዝገባ ወረቀቱም ይመለሳል። ስለዚህ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ያለ ሻጭ ያንኑ የምዝገባ ወረቀት እያሳየ ሰይፉ ሕጋዊ ነው ቢልዎ፣ ወረቀቱ ለምን እንዳልተመለሰ ይጠይቁት።