በክንፍ የቦልት ቀዳዳ ውስጥ የድካም ስንጥቅ እንዴት ይፈለጋል

አውሮፕላን ሲበር ክንፉ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ የታችኛው ፊቱ ይወጠራል፤ ስለዚህም የድካም ስንጥቅ (ከተደጋጋሚ ጭነት የሚመጣ ስንጥቅ) ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ስፓር በሚባለው የክንፉ ዋና ተሸካሚ የታችኛው ክፍል፣ በተለይም በቦልት ቀዳዳዎች ጠርዝ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የማሠልጠኛ ፓይፐር ፒኤ-28አር አውሮፕላን ክንፉ ተገንጥሎ የወደቀው በዚህ ዓይነት ስንጥቅ ነበር።

ሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ በምናስተምርበት ክፍል፣ ከአሮጌ ክንፍ የተቆረጠ ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን በኤዲ ከረንት ምርመራ፣ ማለትም በብረቱ ውስጥ በመግነጢስ በሚፈጠር ተሽከርካሪ የኤሌክትሪክ ጅረት ስንጥቅ መፈለግን፣ እንለማመዳለን። ቦልቱ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ከወጣ በኋላ ቀዳዳው በሟሟ ፈሳሽ ይጸዳል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግን አይገባም፤ ጭረቱ የሐሰት ምልክት ይሰጣል፣ ኋላ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ በሚያሳይ ቀይ ቀለም እንመርምር ቢባል ደግሞ በመፈግፈጉ የተለሰነው አሉሚኒየም የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል።

ቀጥሎ መሣሪያው ከተመሳሳይ ቅይጥ በተሠራ፣ እኩል ስፋት ያለው ቀዳዳና በቀዳዳው ውስጥ ሆን ተብሎ የተበጀ ቀጭን ቁርጥ ባለው ናሙና ላይ ይስተካከላል። ፕሮቡ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው መፈተሻ ዘንግ) ከብረቱ ራቅ ሲል በመሣሪያው ስክሪን ላይ የሚፈጠረው መስመር አግድም፣ የቁርጡ ምልክት ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ካልተሠራ «ምንም አልታየም» የሚለው ሪፖርት ዋጋ የለውም። ማስተካከያው በሥራው መጨረሻም ይፈተሻል፤ ተዛብቶ ከተገኘ፣ ከመጨረሻው ትክክለኛ ፍተሻ በኋላ የታዩት ቀዳዳዎች ሁሉ እንደገና ይመረመራሉ። መብራት ጠፍቶ መሣሪያው በድንገት በተዘጋብን ምሽት ተማሪዎቼ በዚህ ምክንያት እጅግ አጉረምርመውብኛል።

ከዚያ የሚሽከረከረው ፕሮብ በዝግታ ወደ ቀዳዳው ይገባል። ስንጥቅ በየዙሩ በአንድ ቦታ ላይ ሹል ምልክት ያሳያል፤ ክብነቱ የተዛባ ቀዳዳ ግን ሰፊና ዝግ ያለ ሞገድ ይሰጣል። አጠራጣሪ ምልክት ሲገኝ ቀዳዳውን ማስፋት የመርማሪው ሥልጣን አይደለም፤ የቀዳዳውን ቁጥር፣ ጥልቀቱንና አቅጣጫውን መዝግቦ ለመሐንዲሱ ያስተላልፋል።

አቅጣጫው የሚመዘገበው በሰዓት ገጽ ሲሆን፣ አናቱ 12 ነው። በእኛ ልማድ አናቱን «ስድስት ሰዓት» ብሎ የጻፈ ተማሪ ስንጥቁን ወደ ቀዳዳው ግርጌ አውርዶታልና፣ መዝገቡ ከመፈረሙ በፊት ይህን ሁለት ጊዜ አስነብበዋለሁ።