ልጅ የቻይንኛ ፊደልን በእጁ መጻፍ ሲለማመድ

የቻይንኛ ፊደል መጻፍ የሚጀምር ልጅ መጀመሪያ ላይ ፊደሉን እንደ ሥዕል አይቶ ይሥለዋል፤ ፊደላቱ ጥቂት እስከሆኑ ድረስም ይህ ያስኬደዋል። የእኛ ልጅ የፊደል ገበታውን ከጨረሰ ማንኛውንም ቃል ፊደል በፊደል ማንበብ ይችላል፤ የቻይና ሥርዓተ ትምህርት ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ 1600 ያህል ፊደላትን ለይቶ እንዲያውቅና ከእነዚህም 800 ያህሉን እንዲጽፍ፣ ስድስተኛ ክፍልን ሲጨርስ ደግሞ 2500 ያህል እንዲጽፍ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ሥዕል በዓይን ብቻ መያዝ ስለማይቻል፣ ሥራው የሚጀምረው ለእጅ የጭረቶቹን፣ ማለትም ፊደሉ የሚሠራባቸውን መስመሮች፣ ተራ ከማስለመድ ነው።

ለጀማሪ እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ይስጡት። አቀማመጡን የቻይና መምህራን በሦስት ልኬት ያስይዛሉ፦ ዓይን ከደብተሩ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ በደረትና በጠረጴዛው መካከል አንድ ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፣ ጣቶች ከእርሳሱ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበሉ። ደብተሩ በመስቀል ቅርጽ ነጠብጣብ መስመር በአራት የተከፈሉ ሳጥኖች ያሉት ይሁን፤ ስሙ «ቲየን ዝ ገ» ሲሆን «ቲየን» የእርሻ ማሳ ማለት ነው፤ የማሳው ፊደል ራሱ እንዲህ ያለ ሳጥን ነውና። ልጁ ከመጻፉ በፊት እያንዳንዱ ጭረት ከየትኛው ሩብ ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ በጣቱ ያሳይዎት።

የተራው ሕግ ብዙ አይደለም። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ አግድሙ ከቁልቁሉ ይቀድማል፤ ወደ ግራ የሚወርደው ወደ ቀኝ ከሚወርደው ይቀድማል። ዙሪያው በተዘጋ ፊደል ደግሞ «መጀመሪያ ቤት ይገባል፣ በሩ ኋላ ይዘጋል» ይባላል፤ «አገር» የሚለው ፊደል ሲጻፍ ግድግዳውና ጣሪያው ይቆሙና የውስጡ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ብቻ የታችኛው አግድም ይሰመራል። ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው ግን ቀላል የሚመስለው «አፍ» ነው። ለዓይን ባለ አራት ጎን ሳጥን ቢሆንም በሦስት ጭረት ይጻፋል፦ የግራው ቁልቁል፣ ቀጥሎ እርሳሱ ሳይነሣ ከላይ አግድም ሄዶ በቀኝ በኩል የሚታጠፈው፣ በመጨረሻም የታችኛው አግድም። በአራት ጭረት የጻፈውም ልጅ ገጹ ሲታይ ትክክል ይመስላል። ስለዚህ ያለቀውን ገጽ ከማረም ይልቅ አጠገቡ ተቀምጠው እጁን ይመልከቱ።

አዲስ ፊደል ሲመጣ የየጭረቱን ስም ጮክ ብሎ እየጠራ በሙሉ ክንዱ አየር ላይ ይጻፈው፤ ከዚያ በቀይ በታተመው ፊደል ላይ በእርሳሱ ይደርብ፤ ቀጥሎ እያየ ይገልብጥ፤ መጨረሻ ላይ ሞዴሉን ሸፍነው ያጽፉት። አንድ ሙሉ ገጽ ማስገልበጥ እምብዛም አይጠቅምም። ልጆች ሲሰለቹ የፊደሉን የግራ ክፍል ብቻ በሁሉም ሳጥኖች ጽፈው ይጨርሱና ቀኙን ኋላ ይሞላሉ፤ ገጹ ይሞላል፣ ፊደሉ ግን አንድም ጊዜ ሙሉ ሆኖ አልተጻፈም። አራት ወይም አምስት ጊዜ በጥንቃቄ መጻፍ ይሻላል።

ቀላሎቹ እጅ ከገቡ በኋላ ተጣማሪዎቹ ይቀላሉ። ሁለት «ዛፍ» ጎን ለጎን ጫካ ይሆናል፤ ሰው ዛፍ አጠገብ ሲቆም «ማረፍ» ይሆናል። እዚህ ላይ የሚታየው የቦታ አከፋፈል ነው፦ ዛፉ በግራ ሲቆም ጠበብ ይላል፣ ወደ ቀኝ የሚዘረጋው የመጨረሻ ጭረቱም ጎረቤቱን እንዳይገፋ ወደ ነጥብ ያጥራል። በርዝመት ብቻ የሚለያዩትንም ጎን ለጎን ያስጽፏቸው፤ «አፈር» እና «ምሁር» የሚለዩት ከሁለቱ አግድሞች የትኛው እንደሚረዝም ብቻ ነው።

ቃል ጽሕፈት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። የተሳሳተውን ሃምሳ ጊዜ ከማስደገም የትኛው ጭረት እንደጠፋው ይጠይቁት፣ በማግስቱም ያንኑ መልሰው ያጽፉት። በዚህ ሰዓት ስልክ ከአጠገቡ አይኑር፤ በላቲን ፊደል ድምፁን ሲጽፉለት ስልኩ ፊደሉን ራሱ ያቀርባልና እጅ የሚሠራው አይኖርም። ቻይናውያን አዋቂዎች ራሳቸው ብዕር አንሥተው ፊደሉ ሲጠፋቸው የሚሉት አባባል አላቸው፦ «ቲ ቢ ዋንግ ዝ»፣ ብዕር ሲነሣ ፊደል ይረሳል።