ለሥራ የሚሆን የግል ኢሜይል እንዴት ይከፈታል? እንዴትስ ይያዛል?

አንድ ጊዜ ለአንድ የሥራ መደብ የገቡ ማመልከቻዎችን እንዳጣራ ተሰጠኝ። ከመሃላቸው አንዱ ሲቪ ጥርት ያለ ነበር። ልምዱ ልክ የምንፈልገው፣ አጻጻፉም ያልተንዛዛ። የተላከበትን አድራሻ ሳይ ግን ሳቄ አመለጠኝ። በላቲን ፊደል ቢጻፍም ሲነበብ «ቆንጆው አንበሳ» ይላል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ 4 ቁጥር አለችበት። ከሱ በፊት ሦስት ቆንጆ አንበሶች ተመዝግበው ነበር ማለት ነው። ልጁ ተጠራ፣ ሥራውንም አገኘ። ግን ስሙን ሳንይዝ «አንበሳው» ብለነው ስለነበር፣ ከተቀጠረም በኋላ ቅጽሉ አልለቀቀውም።

ኢሜይል መክፈት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህም ነው ብዙዎቻችን ሳናስብበት የምንከፍተው። በአምስት ደቂቃ የተከፈተው አድራሻ ግን ለዓመታት አብሮን ይኖራል። እስቲ ከመጀመሪያው ቀስ ብለን እንያዘው።

1. የማን አካውንት ነው?

የመሥሪያ ቤት ኢሜይል የመሥሪያ ቤቱ ነው። ከሥራ ስትለቁ የቢሮ ቁልፍ እንደምትመልሱት ሁሉ እሱም ይመለሳል። አንድ ወዳጄ የባንክ አካውንቱን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የሥራ ፍለጋ ገጾቹን ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ አስመዝግቦ ነበር። የለቀቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ ኢሜይሉ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ፓስወርድ ልቀይር ባለ ቁጥር የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው ሊከፍተው ወደማይችለው ሳጥን ነበር። ያንን ለመፍታት ሳምንታት ፈጅቶበታል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለዩ። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ብቻ ይሁን። ሲቪ፣ ውል፣ ማስረጃ፣ የግል ደንበኛ፣ ይኼ ሁሉ በራሳችሁ አካውንት ይሂድ። ለጌም፣ ለቅናሽ ማስታወቂያና «ተመዝገብ» ለሚል ድረ ገጽ ሁሉ ደግሞ ሌላ ተራ አካውንት ይኑራችሁ። የድሮው አካውንታችሁ ለዚህ ይበቃል።

2. የትኛው ይሻላል?

እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። የጎግሉ ጂሜይል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2004 ሲጀመር አንድ ጊጋባይት በነፃ እሰጣለሁ ስላለ፣ ቀኑም የቀልድ ቀን ስለነበር፣ ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። ዛሬ 15 ጊጋባይት ይሰጣል። ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ይህ ቦታ ለኢሜይሉ ብቻ ሳይሆን ለፋይል ማስቀመጫው ለጎግል ድራይቭና ለጎግል ፎቶዎችም ጭምር ነው። የስልካችሁ ፎቶ ሁሉ ወደዚያ ከተጫነ ቦታው ይሞላል። ከሞላ ደግሞ ኢሜይል መላክም መቀበልም ያቆማል። ለቃለ መጠይቅ የተላከ ጥሪ በሠርግ ቪዲዮ ምክንያት ሳይደርስ ቢቀር አስቡት። ስለዚህ በሥራ አካውንታችሁ ላይ የፎቶ ባክአፕ አታብሩ።

የማይክሮሶፍቱ አውትሉክም ጥሩ ነው፤ በተለይ ወርድና ኤክሴል ላይ ለሚውል ሰው ይመቻል። ፕሮቶን ሜይል የስዊዘርላንድ ድርጅት ነው፤ መልእክቶችን በምስጢር ቆልፎ በማስቀመጥ ይታወቃል፤ በነፃ የሚሰጠው ቦታ ግን ከሁለቱ ያንሳል።

በራሳችሁ ስም ዶሜይን (አድራሻው መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ስም) ገዝታችሁ አድራሻ ማሠራትም ትችላላችሁ። የራሱ ደንበኛ ላለው ሰው በጣም ያምራል። አገልግሎት ሰጪውን ብትቀይሩ እንኳ አድራሻው አብሯችሁ ይሄዳል። ግን ክፍያው በየጊዜው ይታደሳል። ማደስ ከረሳችሁ ሌላ ሰው ዶሜይኑን ሊገዛውና ለእናንተ የሚላከውን ሁሉ ሊቀበል ይችላል። የምትረሱ ዓይነት ሰው ከሆናችሁ ይቅርባችሁ።

3. ስም ማውጣት

ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ መልእክት ሲልክ የተጠቃሚውን ስም ከኮምፒውተሩ ስም የሚለይ ምልክት አስፈለገው። «አት» የምንላትን ጠመዝማዛ ምልክት መረጠ፤ በማንም ሰው ስም ውስጥ የማትገባ ናትና። ከሷ በስተግራ ያለው ግን ዛሬም የእናንተ ምርጫ ነው። አሰልቺ አድርጉት። በዚህ ጉዳይ አሰልቺ ማለት ጥሩ ማለት ነው።

ስምና የአባት ስም፤ በቃ። ከተያዘ በነጥብ ከመለየት ጀምሩ። ጂሜይል ላይ ግን ነጥብ አይረዳችሁም። ጂሜይል ነጥብን አይቆጥርም፤ ያለ ነጥቡ የተያዘ ስም ከነነጥቡም ተይዟል። ያኔ የአባት ስም መጀመሪያ ይምጣ፣ ወይም የአያት ስም የመጀመሪያ ፊደል ትጨመር። የጂሜይል ስም ከ6 እስከ 30 ፊደልና ቁጥር ይይዛል፤ ቦታ አይጠብባችሁም።

የልደት ዓመት አታስገቡ። ዕድሜያችሁን ለማያውቃችሁ ሰው መንገር ምን ያደርጋል? «ኢንጂነር» ወይም «አካውንታንት» ብላችሁም አትጨምሩ፤ ሙያ ይቀየራል። ከሥር የምትሰመረዋን ሰረዝም ተዉአት። አድራሻው ሊንክ ሆኖ ሲሰመርበት ሰረዟ ትጠፋለች፤ ያየው ሰው ባዶ ቦታ ይመስለዋል።

የኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው። «ፀሐይ» ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳላት ፀሐይ የሚባል ሰው ያውቃል። ፓስፖርታችሁ ወይም ዲፕሎማችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ ሳትቀይሩ ያዙ። ሲቪው ላይ በአንድ፣ አድራሻው ላይ በሌላ፣ ዲፕሎማው ላይ በሦስተኛ መንገድ ከተጻፈ የሚያጣራው ሰው ግራ ይጋባል።

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ። ለአንድ ሰው ስልክ ደውሉና አድራሻውን አንድ ጊዜ ብቻ ንገሩት። ሳይጠይቅ በትክክል ከጻፈው አለፈ። «ቆይ፣ ኤ ናት ኢ?» ካላችሁ እንደገና አስቡበት።

ከከፈታችሁ በኋላ ደግሞ ተቀባዩ የሚያየውን ስም አስተካክሉ። ይኼ ከአድራሻው የተለየ ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ትቀይሩታላችሁ። አድራሻው ጨዋ ሆኖ ላኪው «ቤቢ» ተብሎ የደረሰኝ ጊዜ አለ።

4. መቆለፊያው

ፓስወርዱ ረጅም ይሁን፤ ሌላ ቦታ የተጠቀማችሁበት አይሁን። ቀጥሎ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ፓስወርዳችሁን ያገኘ ሰው ስልካችሁንም ካልያዘ አይገባም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ይህን ማረጋገጫ ካበራሁ በኋላ ስልክ ቁጥር ቀየርኩ። አካውንቱ ላይ ያለውን ቁጥር ግን አልቀየርኩም። ከወራት በኋላ ላፕቶፔ ተበላሸና በአዲስ ኮምፒውተር ልገባ ስል፣ ኮዱ ወደ ድሮው ቁጥሬ ተላከ። ቁጥሩ ደግሞ በዚያን ጊዜ የሌላ ሰው ሆኗል። ደውዬ ብለምነው ሰውዬው አጭበርባሪ መሰልኩትና ዘጋብኝ። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እዘጋለሁ።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ጎግል ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። 10 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላሉ። አትማችሁ ከዲፕሎማችሁ ጋር አስቀምጡ። ስልክ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ፤ የሚያስፈልጉት ስልኩ የጠፋ ቀን ነውና። መጠባበቂያ ኢሜይልና ስልክ ቁጥርም አስገቡ፤ ቁጥር ስትቀይሩ መጀመሪያ እዚህ ቀይሩ።

5. ኢንቦክሱን ማደራጀት

ብዙ ሰው ኢንቦክሱን መጋዘን ያደርገዋል። 8,000 ያልተነበበ መልእክት ተከምሮ የዛሬው ከሥሩ ይጠፋል። ኢንቦክስ የቤት ደጃፍ ነው ብላችሁ ያዙት። የመጣው እንግዳ ወይ ይገባል፣ ወይ ይሸኛል፤ ደጅ ላይ አያድርም።

መሣሪያው አርካይቭ ይባላል። አርካይቭ ማድረግ መሰረዝ አይደለም። መልእክቱ ከኢንቦክስ ይወጣል እንጂ አይጠፋም፤ ስትፈልጉት በሰርች ይገኛል። የተሰረዘው ግን ጂሜይል ላይ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ቆይቶ ለዘለዓለም ይሄዳል። ከተጠራጠራችሁ አርካይቭ አድርጉ።

ጀማሪ ሰው 20 ፎልደር ይከፍታል። እኔም ከፍቼ ነበር። ከወር በኋላ የትኛው የት እንደሚገባ ለራሴም ጠፋኝ። አሁን አራት ብቻ አለኝ፦ «መልስ ልሰጥ»፣ «መልስ ልጠብቅ»፣ «ሰነድ» እና «ደረሰኝ»። ከአራቱ ሁለተኛው ነው ወርቁ። ለሰው ልኬ መልስ የምጠብቅበትን ሁሉ እዚያ አደርጋለሁ፤ አርብ አርብ ከፍቼ ዝም ያለውን አስታውሳለሁ። ጂሜይል ላይ እነዚህ ሌብል ይባላሉ። አንድ መልእክት ሁለት ሌብል ሊይዝ ይችላል፤ ውሉም ሰነድ ነው፣ መልስም እየጠበቃችሁበት ነው እንበል። አውትሉክ ፎልደር ላይ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚቀመጠው።

ተደጋግሞ የሚመጣውን ደግሞ ፊልተር፣ ማለትም መልእክትን በራሱ የሚለይ ትእዛዝ፣ ይሥራላችሁ። ጂሜይልን በኮምፒውተር ክፈቱ። ከመልእክቱ በላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና «እንዲህ ያሉትን አጣራ» የሚል ትርጉም ያለውን ምረጡ። ከዚያ ኢንቦክስን ዝለል፣ ይህን ሌብል ለጥፍ ብላችሁ እዘዙ። ደረሰኝ ሁሉ ራሱ ቦታውን ይይዛል። «ሰርዝ» የሚለውን ትእዛዝ ግን ለፊልተር አትስጡት። ፊልተር አያመዛዝንም፤ ያላችሁትን ብቻ ያደርጋል።

የስፓም ሳጥኑን በሳምንት አንድ ቀን እዩት። እዚያ ያለውም ጂሜይል ላይ ከ30 ቀን በኋላ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ደህና መልእክት ይገባበታል። ጂሜይል ማስታወቂያ የመሰለውን ለይቶ የሚያስቀምጥበትን ታብም እዩ። ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ በየቀኑ ይሁን።

6. ከመላካችሁ በፊት

መላክን የመሰረዣውን ጊዜ አስረዝሙ። ጂሜይል «ላክ» ካላችሁ በኋላ ለመመለስ 5 ሰከንድ ይሰጣል። ሴቲንግ ውስጥ ወደ 30 ይቀየራል። አባሪውን መርሳታችሁ ትዝ የሚላችሁ ስድስተኛው ሰከንድ ላይ ነውና ቀይሩት።

የተቀባዩን አድራሻ መጨረሻ ላይ ጻፉ። መጀመሪያ ፋይሉን አያይዙ፣ ጽሑፉን ጨርሱ፣ አንብቡ፤ ከዚያ አድራሻውን። ጣት ቢያመልጥ እንኳ ባዶ አድራሻ አይላክም። የጂሜይል አባሪ ወሰን 25 ሜጋባይት ነው፤ ፋይል ሲላክ ግን በሲሶ ያህል ይወፍራል። ከ18 ያለፈውን በድራይቭ ሊንክ ላኩት። የፋይሉ ስም «ሲቪ የመጨረሻ የመጨረሻ 2» ሳይሆን የእናንተ ስም ይሁን።

ፊርማው ስም፣ ሙያ፣ ስልክ። ጥቅስና አበባ አያስፈልግም።

7. አሮጌውስ?

አዲሱን ከፍታችሁ አሮጌውን ወዲያው አትዝጉ። መልእክቱ ወደ አዲሱ እንዲተላለፍ አድርጉ፤ ሴቲንግ ውስጥ «ፎርዋርድ» የሚል አለ፣ አዲሱ አድራሻ ላይ የማረጋገጫ መልእክት ይልካል። ከዚያ ዝርዝር ያዙና በአሮጌው የተመዘገባችሁበትን አንድ በአንድ ቀይሩ። ከባንክ ጀምሩ። በአሮጌው የሚጻፍላችሁን ሁሉ ከአዲሱ መልሱ፤ ሰዎች ቀስ በቀስ ይለምዱታል።

አሮጌው በሕይወት ይኑር። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሁ የተተዉ አድራሻዎችን ለሌላ ሰው መስጠት ጀመረ። አዲሶቹ ባለቤቶችም ለቀድሞዎቹ የተላከ የግል መልእክት ይደርሳቸው ጀመር። ጎግል በበኩሉ ሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። እኔ በየስድስት ወሩ ካላንደሬ ያስታውሰኛል፤ ገብቼ አይቼ እወጣለሁ። ባለፈው ስገባ አንድ የጥንት የሥራ ባልደረባዬ ከሦስት ወር በፊት «አለህ ወይ?» ብሎ ጽፎልኝ አገኘሁ። ፎርዋርዱን ረስቼ አጥፍቼው ኖሯል። የአድራሻዬን ስም አንስቶ ትንሽ ቀለደብኝ። ከአንበሳው ብዙም አይሻልም፤ ምን እንደሚል ግን እዚህ አልጽፈውም።