ለቤት የሚሆን ትንሽ በቀቀን አመራረጥ

ባሕር ዳር ላይ በቀቀን ማሳደግ የሚሹ ሰው፣ በጣና ዳር ዛፎች ላይ የሚንጫጩትን አረንጓዴ የዱር በቀቀኖች ከማስጠመድ ይልቅ በሰው እጅ የተፈለፈለ፣ ባጂ የሚባለውን የአውስትራሊያ ዝርያ ቢፈልጉ ይሻላል። ጾታውን ከምንቃሩ በላይ፣ የአፍንጫ ቀዳዳዎቹ ባሉበት ሥጋማ ቆዳ ይለዩታል፤ በጎልማሳ ወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ፣ በሴቷ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ነው፤ ሙሉ ነጭ ወይም ሙሉ ቢጫ በሆኑት ላይ ግን ይህ ምልክት ያሳስታል። የግንባሩ ጥቋቁር መስመሮች እስከ ምንቃሩ ሥር ከወረዱና በዓይኑ ብሌን ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ካልታየ፣ ከ3 ወይም ከ4 ወር ያልዘለለ፣ ለማልመድ የሚቀል ጫጩት ነው። ድምፅ ማስመሰል ይበልጥ የሚቀናው ወንዱ ነው። ጠባዩን ለማወቅ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ይመልከቱት፤ እጅ ሲጠጋው ፈንጠር ብሎ ወዲያው ወደ ጥሬው የሚመለሰው ጥሩ ነው፤ በቀን ላባውን ነፍቶ ጥግ ላይ የሚያንቀላፋውን ግን ሻጩ «ጨዋ ነው» ቢልዎትም ታሞ ሊሆን ስለሚችል አይውሰዱት።